ጠባቂውን ከማሰናበት በፊት፦ በኮምፒውተር ላይ ስላለው አስገዳጅ የፈቃድ ቁጥጥር

በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የመዝገብ አያያዝን ለመመልከት በሄድንበት ጊዜ ያጋጠመንን በማስቀደም ጽሑፋችንን እንጀምራለን። ጽሕፈት ቤቱ የምእመናንን ዝርዝር፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችን እንዲሁም የወርኃዊ አስተዋፅኦ ሒሳብን የሚይዝበት አንድ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ሲሆን፣ መዝገቡ ማይኤስኪውኤል በተባለ የዳታቤዝ ፕሮግራም ይያዛል። የዲስኩ ቦታ በሞላ ጊዜ ሰፊ ዲስክ ተገዛ፤ ለዚሁ የተጠራ ባለሙያም መዝገቡን ወደ አዲሱ ዲስክ አዛወረው። ዳታቤዙ ግን አልነሣም አለ። የፋይሎቹ ባለቤትነት ትክክል ነው፤ የማንበብና የመጻፍ ፈቃዱ እንደ ቀድሞው ነው፤ ዲስኩም ደኅና ነው። ባለሙያው ግማሽ ቀን ከደከመ በኋላ አፕአርሞር የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ጨርሶ አጠፋው። ዳታቤዙ ወዲያው ተነሣ፤ ጸሐፊዋም ሥራዋን ቀጠለች፤ ባለሙያውም ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ።

እኛ በደረስን ጊዜ ጥበቃው ከጠፋ ወራት ተቆጥረው ነበር። ከሰበካ ጉባኤው አባላት ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ የተጻፈ ማስታወሻም አልተገኘም። ደግነቱ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘው መዝገብ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ጠባቂ ነበር። ባለሙያው ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ ጥበቃው ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ ከለከለው ስላልተረዳ ብቻ አሰናበተው። ስለዚህ በዚህ ዕትማችን ይህ ጠባቂ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚዋቀርና ሥራ ባገደ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአባቶች ካህናት በሚገባ ቋንቋ እናብራራለን።

ሁለት ዓይነት ፈቃድ

በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው። ባለቤቱም ማን እንዲያነብበው፣ ማን እንዲጽፍበት ይወስናል። ይህ በባለቤት ውሳኔ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ለብዙ ዘመናትም ኮምፒውተሮች የተጠበቁት በዚህ መንገድ ነው። ጉድለቱ ግን አንድ ሰው የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ የሰውየውን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ መውረሱ ነው። ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ የከፈተችው ፕሮግራም፣ ሥራው ያ አንድ ደብዳቤ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊዋ ልታነብበው የምትችለውን ፋይል ሁሉ ማንበብ ይችላል። በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ለእርሱ የተዘጋ በር የለምና።

ሁለተኛው ዓይነት አስገዳጅ የፈቃድ ቁጥጥር ይባላል። በዚህ ጊዜ ለፕሮግራሙ የተፈቀደውና የተከለከለው አስቀድሞ በተጻፈ ሥርዓት ይወሰናል። ሥርዓቱን የሚያስፈጽመው የኮምፒውተሩ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ለመክፈት፣ በኔትወርክ ለመገናኘት ወይም ሌላ ፕሮግራም ለማስነሣት በጠየቀ ቁጥር ከርነሉ የተጻፈውን ሥርዓት ይመለከታል፤ ካልተፈቀደ ይከለክላል። የፋይሉ ባለቤት ቢፈቅድም፣ ፕሮግራሙ በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ቢሠራም ክልከላው ይጸናል። ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በሊኑክስ ላይ ይህ ሁለተኛው ቁጥጥር የመጀመሪያውን አይሽርም። ሁለቱም ሲፈቅዱ ብቻ ሥራው ይፈጸማል፤ የመጀመሪያው የከለከለውን ሁለተኛው አይፈቅድም።

ይህ አሠራር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ የያዘ ሰው ብቻውን ሆኖ ሣጥኑን አይከፍትም፤ ሌሎች አባላት ባሉበት ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረማል። ይህ የሚደረገው ቁልፍ ያዡ ስላልታመነ አይደለም። የታመነ ሰውም ሊታለል፣ ሊገደድ ወይም ቁልፉ ሊሰረቅበት ስለሚችል ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ ራሱ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን በአጻጻፉ ላይ አንድ ስሕተት ቢገኝ የውጭ ሰው በእርሱ ውስጥ ገብቶ ያሻውን ሊያሠራው ይችላል። ሥርዓት ካልተበጀለት ገቢው የፕሮግራሙን ሥልጣን ሁሉ ይወርሳል። ሥርዓት ከተበጀለት ግን ለዳታቤዙ ከተፈቀዱት ጥቂት ክፍሎች ውጭ መውጣት አይችልም።

ከየት መጣ?

ይህ አሳብ ከወታደራዊ የምስጢር ጥበቃ የመጣ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ ብርቱካናማ መጽሐፍ እየተባለ በሚጠራው የኮምፒውተር ደኅንነት መመዘኛ ሁለቱን የፈቃድ ዓይነቶች ለይቶ አስቀመጠ። በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. የዚያው ሀገር ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ኤስኢሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ማንም እንዲመረምረውና እንዲጠቀምበት በይፋ ለቀቀ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6 ውስጥም ተካተተ። አፕአርሞር ደግሞ ኢሚዩኒክስ በተባለ ኩባንያ ተጀምሮ፣ ኩባንያውን ኖቬል በ2005 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ በዛሬው ስሙ ታወቀ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ዋናው ከርነል ገባ።

ዛሬ ይህ ጥበቃ የጦር ሠራዊት ንብረት ብቻ አይደለም። ከ2014 እ.ኤ.አ. የአንድሮይድ 5.0 ስሪት ጀምሮ ኤስኢሊኑክስ በስልኮቹ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያስገድድ ተደርጓል። ስለዚህ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ካህን ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ይህን ጠባቂ በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

በመለያና በአድራሻ

ኤስኢሊኑክስና አፕአርሞር ግባቸው አንድ ቢሆንም መንገዳቸው ይለያያል። ባለሙያ ስትቀጥሩ ኮምፒውተራችሁ በየትኛው እንደሚጠበቅ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ኤስኢሊኑክስ በሬድ ሃት፣ በፌዶራ፣ በሮኪና በአልማ ሊኑክስ ላይ የሚገኝ ሲሆን የሚሠራው በመለያ ነው። እያንዳንዱ ፋይልና በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም መለያ ይለጠፍበታል፤ ሥርዓቱም የትኛው መለያ ያለው ፕሮግራም የትኛው መለያ ያለውን ፋይል እንዲነካ ይደነግጋል። መለያው ከፋይሉ ጋር ስለሚጓዝ አንድ የታወቀ ስሕተት ይከሠታል። አንድ ሰው ከግል ፎልደሩ ወደ ድረ ገጽ ፎልደር ፋይል ቢያዛውር፣ ፋይሉ የግል ፎልደር መለያውን እንደ ያዘ ይሄዳልና የድረ ገጹ ፕሮግራም እንዳያነብበው ይከለከላል። መፍትሔው «ሪስቶርኮን» በተባለው ትእዛዝ ለቦታው የሚገባውን መለያ መመለስ ነው። ቦታው ራሱ በሥርዓቱ የማይታወቅ አዲስ ፎልደር ከሆነ ግን፣ አስቀድሞ «ሴማኔጅ» በተባለው ትእዛዝ የቦታውን መለያ በቋሚነት መመዝገብ ያስፈልጋል።

አፕአርሞር በኡቡንቱ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. የዴቢያን 10 ስሪት ጀምሮም በዴቢያን ላይ ከጅምሩ በሥራ ላይ ይውላል። ይህ የሚሠራው በፋይሉ አድራሻ፣ ማለትም ፋይሉ በተቀመጠበት መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ፕሮፋይል የሚባል ጽሑፍ አለ፤ በዚያም ፕሮግራሙ የሚያነብባቸውና የሚጽፍባቸው ቦታዎች በዝርዝር ይጻፋሉ። ጽሑፉ ሰው ሊያነብበው የሚችል ስለሆነ ለትንንሽ ጽሕፈት ቤቶች ይቀላል። ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ፕሮፋይል ያልተጻፈለት ፕሮግራም ገደብ የለበትም፤ በቀድሞው በባለቤት ፈቃድ ብቻ ይኖራል። ስለዚህ «አፕአርሞር በርቷል» ማለት ብቻውን ፕሮግራሞች ሁሉ ተጠብቀዋል ማለት አይደለም።

ሥራ በታገደ ጊዜ

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው አጥቢያ እንመለስ። የማይኤስኪውኤል ፕሮፋይል መዝገቡ ከመጀመሪያ የሚቀመጥበትን ፎልደር ያውቃል፤ አዲሱን ዲስክ ግን አያውቅም። ስለዚህ ከርነሉ ከለከለ። ክልከላውንም በዝምታ አላለፈውም፤ ሎግ በሚባለው የሥርዓቱ መዝገብ ላይ ጻፈው። በመዝገቡ ላይ «ዲናይድ»፣ ማለትም ተከልክሏል የሚለው ቃል፣ የተከለከለው ፕሮግራም ስም፣ ሊከፍተው የፈለገው ፋይል ሙሉ አድራሻና የጠየቀው የፈቃድ ዓይነት በአንድ መስመር ሰፍረው ይገኛሉ። ባለሙያው ያን አንድ መስመር ቢያነብ ኖሮ ግማሽ ቀን ባልደከመ፣ ጠባቂውንም ባላሰናበተ ነበር።

ትክክለኛው ማስተካከያ አጭር ነው። በማይኤስኪውኤል ፕሮፋይል ላይ ለአካባቢያዊ ጭማሪ በተተወው ፋይል ሁለት መስመሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው መስመር አዲሱን ፎልደር ራሱን ለማንበብ ይፈቅዳል። ሁለተኛው በፎልደሩ ሥር ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ለማንበብ፣ ለመጻፍና ለመቆለፍ ይፈቅዳል፤ እነዚህም በፕሮፋይሉ ውስጥ «አር»፣ «ደብልዩ» እና «ኬ» በሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይመለከታሉ። በአድራሻው መጨረሻ ላይ የሚደረገው የኮከብ ምልክት ትርጉም አለው፦ አንድ ኮከብ (*) በዚያው ፎልደር ውስጥ ያለውን ብቻ፣ ሁለት ኮከብ (**) ግን ከእርሱ በታች ያሉትን ንኡሳን ፎልደሮች ጭምር ያመለክታል። ከዚያም ፕሮፋይሉ እንደገና ይጫናል፤ ዳታቤዙም ይነሣል። ሁለት መስመር በመጻፍ ሥራው ይቀጥላል፤ ጥበቃውም በቦታው ይኖራል።

ከዚህ የምንማረው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጠባቂው ሥራ ባገደ ጊዜ መጠየቅ የሚገባን «እንዴት እናጥፋው?» ብለን ሳይሆን «ምን ከለከለ? የተከለከለውስ ለሥራው ያስፈልጋልን?» ብለን ነው። ካስፈለገ ያ ብቻ ይፈቀዳል። ካላስፈለገ ግን ክልከላው በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የዳታቤዝ ፕሮግራም የጸሐፊዋን የግል ፎልደር ለማንበብ ቢሞክር፣ ጠባቂው አንድ ክፉ ነገር እየነገረን ሊሆን ይችላልና።

መብራት ሲጠፋ የሚገለጥ ስሕተት

በኤስኢሊኑክስ ዘንድ ደግሞ ሌላ መዘናጋት አለ። ባለሙያዎች አንዳንድ ጊዜ «ሴትኤንፎርስ ዜሮ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ጥበቃው እንዳያስገድድ ያደርጋሉ። ሥራው ይቃናል፤ ሁሉም ይረሳዋል። ይህ ትእዛዝ ግን የሚጸናው ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ወደ ተጻፈው የቀድሞ ሁኔታ ይመለሳል፤ ከብዙ ጊዜ በፊት የነበረውም እገዳ ዛሬ እንደ አዲስ ይከሠታል። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎችም «መብራቱ ኮምፒውተሩን አበላሸብን» ይላሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ያልተፈታውና የተሸፈነው ችግር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጥበቃውን በቋሚነት ማጥፋት ነው። ኤስኢሊኑክስ ጨርሶ በጠፋበት ጊዜ የሚፈጠሩ ፋይሎች መለያ አይለጠፍባቸውም። ኋላ ተመልሶ ሲበራ እነዚህ መለያ የሌላቸው ፋይሎች ሌላ እገዳ ያመጣሉ፤ ስለዚህ መላው ዲስክ እንደገና መለያ እንዲለጠፍበት ማድረግ የግድ ይሆናል። ይህም ሲደረግ በመጀመሪያ መዝግቦ በሚያሳልፈው ሁኔታ መነሣትና መዝገቡን መመልከት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማስገደድ መሸጋገር ይገባል።

በደረጃ ማዋቀር

መዝግቦ የሚያሳልፍ ሁኔታ ያልነው ምንድን ነው? ሁለቱም ጥበቃዎች ከማስገደድ ሌላ የመለማመጃ ሁኔታ አላቸው፤ በአፕአርሞር «ኮምፕሌይን»፣ በኤስኢሊኑክስ «ፐርሚሲቭ» ይባላል። በዚህ ሁኔታ ፕሮግራሙ በአብዛኛው አይከለከልም፤ ነገር ግን ቢያስገድድ ኖሮ ይከለክለው የነበረው ሁሉ ይመዘገባል። አዲስ ሥርዓት ለማበጀት ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። በኡቡንቱ ላይ የሚሠራ ጽሕፈት ቤት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ያለውን ማወቅ። «ኤኤ-ስታተስ» የተባለው ትእዛዝ ስንት ፕሮፋይሎች እንደ ተጫኑ፣ ስንቶቹ እንደሚያስገድዱ፣ ስንቶቹ በመለማመጃ ላይ እንዳሉ ይናገራል። ፕሮፋይል ተጽፎላቸው ሳለ ያለ ገደብ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ቢኖሩም ይገልጣቸዋል።

ሁለተኛ፣ የሚበልጠውን ማስቀደም። ሁሉንም ፕሮግራም በአንድ ቀን ለመወሰን መሞከር አያስፈልግም። በኔትወርክ ጥያቄ የሚቀበሉት፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ የድረ ገጹ አገልጋይና የማተሚያው አገልግሎት ይቀድማሉ፤ የውጭ ሰው በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ነውና።

ሦስተኛ፣ በመለማመጃ ሁኔታ ሙሉውን የሥራ ዑደት ማሳለፍ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የታየው ብቻ ከተፈቀደ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራው ይታገዳል። ስለዚህ በልምምዱ ወራት ምስክር ወረቀት ይታተም፤ የወሩ ሪፖርት ይውጣ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰድ፤ የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያም አስቀድሞ ይሞከር። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ሥራ ቢታገድ፣ በጥድፊያ መካከል ጠባቂውን ለማጥፋት ፈተናው ይበረታል።

አራተኛ፣ መዝገቡን አንብቦ በጠባቡ መፍቀድ። «ኤኤ-ሎግፕሮፍ» የተባለው መሣሪያ የተመዘገቡትን ክልከላዎች አንድ በአንድ እያቀረበ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያነብቡ ለሁሉም «ይፈቀድ» ማለት በር የሌለው አጥር እንደ መሥራት ሳይሆን፣ ሁሉም በሮቹ የተከፈቱለት አጥር እንደ መሥራት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ፎልደር ካስፈለገው ያ ፎልደር ብቻ ይፈቀድለት፤ መላው ዲስክ አይፈቀድ።

አምስተኛ፣ ማስገደድ፣ መፈተንና መጻፍ። ፕሮፋይሉ ወደ ማስገደድ ከተሸጋገረ በኋላ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣ፤ ሁሉም አገልግሎት በራሱ መነሣቱም ይረጋገጥ። ከዚያም ምን እንደ ተፈቀደ፣ ለምን፣ መቼና በማን ውሳኔ እንደ ሆነ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ይስፈር።

በዊንዶውስ ለሚሠሩ

በዊንዶውስ የሚሠሩ ጽሕፈት ቤቶችም ከዚህ አሳብ ውጭ አይደሉም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም የሥርዓት የሚባል የታማኝነት ደረጃ ይሰጠዋል፤ በዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከእርሱ በላይ ባለው ላይ እንዳይጽፍ ይከለከላል። ከዚህም ሌላ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ 10 የገባ የፎልደር ጥበቃ አለ፤ የታመኑ ፕሮግራሞች ካልሆኑ በቀር በተመረጡ ፎልደሮች ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እንዳይለውጡ ይከለክላል። ፋይሎችን ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁ ቫይረሶች ለመጠበቅ የታሰበ ነው። በዊንዶውስ የደኅንነት ገጽ፣ በቫይረስ ጥበቃ ክፍል ሥር ይገኛል፤ ነገር ግን ከጅምሩ ጠፍቶ ስለሚመጣ ማብራት ያስፈልጋል። የሚሠራውም የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር በሥራ ላይ ሲሆን ነው።

የማይጠብቀው ነገር

ይህን ሁሉ ስንል ጥበቃው ሁሉን ቻይ ነው ማለታችን አይደለም። ለፕሮግራሙ የተፈቀደውን ነገር ጠባቂው አይከለክልም። የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው መዝገቡን በዳታቤዙ በኩል ሊያነብብ ይችላል፤ ዳታቤዙ መዝገቡን እንዲያነብብ ተፈቅዶለታልና። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በብዙ ሰው እጅ ካለ ሥርዓቱን ራሱን መለወጥ ይቻላል። ከርነሉ ላይ ስሕተት ቢገኝም ጠባቂው ራሱ ሊታለፍ ይችላል፤ ስለዚህ ማሻሻያዎችን በጊዜው መጫን ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ደግሞ መዝገቡን የሚያድነው በሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ሀገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን በተገቢ ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ ዘዴ የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ማስታወስ ይገባል። ከሕጉም በፊት ምእመናን ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ስምና የሚሰጡትን ገንዘብ ሲያስመዘግቡ አምነው ነው። ያን እምነት የመጠበቅ ኃላፊነት በተቀጠረው ባለሙያ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ትእዛዞቹን ሁሉ እንዲያውቁ አይጠበቅም። ነገር ግን ማንኛውም ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ ከመሄዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። «ስትሠራ ያጠፋኸው ወይም ያላላኸው ጥበቃ አለን? በሥርዓቱ ላይ የጨመርኸው ፈቃድ ምንድን ነው፤ የትስ ተጽፏል? ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሁሉም በነበረበት እንደሚቀጥል በፊታችን ታሳየናለህን?» መልሱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከርክክቡ ሰነድ ጋርም ይያያዝ።

በመጀመሪያ የጠቀስነው አጥቢያ ዛሬ ይህን ያደርጋል። ሁለቱ መስመሮች ተጨምረው ጥበቃው ተመልሶ በርቷል፤ ዳታቤዙም በአዲሱ ዲስክ ላይ ይሠራል። ጸሐፊዋ በጠረጴዛዋ ላይ አንድ ደብተር አኑራለች። በመጀመሪያው ገጹ ላይ ጥበቃው የጠፋበት ወር፣ የተመለሰበት ቀን፣ የተጨመረው ፈቃድና ያጸደቁት አባላት ፊርማ ይነበባል።